በትምህርት ቤት አገልግሎት የጣራና ግድግዳ ግብርን ስለ ማቃለል፤ ለላፍቶ አረጋውያን የቤት ባለቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ከሳር ቤትና ከመካኒሳ አንሥቶ በላፍቶ በኩል እስከ ለቡና እስከ ጀሞ ድረስ በተዘረጉት መንደሮች፣ በሥራ ዘመናቸው ከደመወዛቸው እየቆረጡ፣ አንዳንዶቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ አንዳንዶቹም የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸው፣ ከብዙ ድካም በኋላ የቤት ባለቤት ለመሆን የበቁ፣ ዛሬ ግን ዕድሜያቸው ስድሳን ተሻግሮ ከጡረታ አበላቸው በቀር ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው አባቶችና እናቶች ብዙ ናቸው። የቤቱ ግምት ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ሲል የባለቤቱ አበል በዚያው ልክ ከፍ ስለማይል፣ በጉብዝና ዘመን የተሠራው ቤት በእርጅና ዘመን የሚያሳስብ ግብር ያመጣል። ከእነዚሁ ቤቶች ጥቂት ርቀው የሚገኙት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ፊደል የሚያስቆጥር፣ የሕፃናትን ንባብ በትዕግሥት የሚያዳምጥ፣ ቤተ መጻሕፍት የሚያደራጅ፣ ልጅን በፍቅርና በተግሣጽ የሚያቀና ሰው እጅግ ያስፈልጋቸዋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እነዚህ ሁለት ችግሮች አንዱ ለሌላው መፍትሔ እንዲሆኑ ለሚሹ አረጋዊ የቤት ባለቤት ነው።

አስቀድሞ አንድ እውነት በግልጽ ይነገር። በአዲስ አበባ የአረጋዊን አገልግሎት በግብር ምትክ የሚቀበል ደንብ እስከ ዛሬ አልወጣም፤ ስለዚህ ማንም ርእሰ መምህር ወይም የወረዳ ሹም «ያገልግሉን፣ ግብርዎ ይሠረዛል» ብሎ ቃል ቢገባልዎ ቃሉ በሕግ አይጸናም። የሚበጀው ግብርዎን በጊዜው እየከፈሉ አገልግሎቱን መጀመር፣ የአገልግሎቱን መዝገብ በፊርማና በማኅተም አስደግፎ መያዝ፣ ከዚያም ከባልንጀሮችዎ ጋር ሆኖ ደንቡ እንዲወጣ የከተማውን ምክር ቤት መጠየቅ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ሥራ ሳይቀድመው የመጣ አቤቱታ በመዝገብ ቤት ተኝቶ ሊቀር ይችላል፣ በተፈረመና በተቈጠረ ሥራ ተደግፎ የመጣ አቤቱታ ግን መልስ ሳይሰጡት ለማለፍ ያስቸግራል።

የሚከፍሉት ግብር ከየት እንደ መጣ ማወቅም ለኋላው ክርክር ይጠቅማል። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ በ1968 አዋጅ ቁጥር 80 የከተማ ቦታ ኪራይንና የከተማ ቤት ግብርን ደነገገ፤ የቤቱም ግብር በዓመታዊ የኪራይ ግምት ላይ ከ1 በመቶ ጀምሮ እስከ 4.5 በመቶ በሚደርስ ደረጃ እንዲታሰብ አደረገ። ሕዝቡ የጣራና ግድግዳ ግብር የሚለው ይኸው ነው። የኪራዩ ግምት ለብዙ ዓመታት ባለበት ስለ ኖረ ግብሩ ለአብዛኛው ሰው ሳይከብደው ቆየ፤ በ2015 የከተማው አስተዳደር ግምቱን ባሻሻለ ጊዜ ግን የብዙ ቤቶች ግብር በአንድ ጊዜ ብዙ እጥፍ ጨመረ፤ ነገሩም እስከ ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክር አስነሣ። በጥር 2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረቱን ዋጋ መሠረት የሚያደርግ አዲስ የንብረት ታክስ አዋጅ አጸደቀ። እንግዲህ ግብሩ ወደ ቀድሞው ትንሽነቱ ይመለሳል ብሎ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ለአረጋውያን ምን ዓይነት ማቃለያ ይገባል የሚለውን ጥያቄ አሁኑኑ፣ ሥርዓቱ ገና በመዘርጋት ላይ ሳለ፣ ማንሣት ይሻላል።

አገልግሎት የግብር ምትክ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን በቅዳሴና በማኅሌት፣ በትምህርትና በመጻሕፍት ጥበቃ ቤተ ክርስቲያንን የሚያገለግሉ ካህናትና ደባትር የሰሞን መሬት እየያዙ፣ ሌላው ባለርስት በግብር የሚከፍለውን እነርሱ በአገልግሎታቸው ይከፍሉ ነበር፤ ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» የዚያን ዘመን የመሬትና የግብር ሥርዓት በሰፊው መዝግበውልናል። የመሬት ግብርና ትምህርትም በ1940 በወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ በይፋ ተገናኝተዋል፤ ከገጠር መሬት የሚሰበሰበው ያ ግብር ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ ከታሪካችን የምንወስደው ሁሉ መልካም ብቻ እንዳልሆነ መርሳት አይገባም። ገባሩ በሁዳድ እርሻ ላይ ያለ ውዴታው የሚያፈሰው ጉልበትም አገልግሎት ይባል ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ የምንመኘው ሥርዓት በፍጹም ፈቃድ ላይ የቆመ፣ ሰዓቱ የተወሰነ፣ ዋጋውም አስቀድሞ የታወቀ መሆን አለበት። ጽሑፌ ወደ ፊት ስለ መዝገብና ስለ ቈጠራ አብዝቶ የሚናገረው ስለዚህ ነው።

ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ፤ ምክር ቤት ፊት ሲቀርቡ «የት ተሠርቶበታል?» ተብለው መጠየቅዎ አይቀርምና። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ሕግ፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የቤት ባለቤቶች ለከተማቸው በሚሰጡት አገልግሎት ልክ የንብረት ግብራቸው እንዲቀነስላቸው ከተሞች እንዲፈቅዱ ሥልጣን ተሰጥቷቸዋል። ሕጉ ማንንም ከተማ አያስገድድም፣ የፈለገው ይቀበለዋል፤ የአንዱ ሰዓት ዋጋ ከግዛቱ ዝቅተኛ የሥራ ዋጋ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ በዓመት የሚቀነሰው የገንዘብ ጣሪያም መጀመሪያ ትንሽ ሆኖ ከጊዜ በኋላ ደረጃ በደረጃ እያደገ በቅርቡ 2,000 ዶላር ደርሷል። አረጋውያኑ በቤተ መጻሕፍት፣ በትምህርት ቤትና በከተማው ጽሕፈት ቤቶች ያገለግላሉ። ለእኛ ይልቁንም የሚጠቅመን ሌላው ድንጋጌ ነው፤ በአካል ድካም ምክንያት ራሱ ማገልገል ላልቻለ አረጋዊ፣ ከተማው ከፈቀደ፣ የታወቀ እንደራሴ በእርሱ ፋንታ ሊያገለግል ይችላል። ልጅ ለአባቱ፣ የልጅ ልጅም ለአያቱ መታዘዝን እንደ በረከት በሚቈጥር አገር ይህ ድንጋጌ እንዴት ያለ ፍሬ ሊሰጥ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያ የራስዎን ይዞታና ዕዳ ያጣሩ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታዎን፣ ያለፉትን ዓመታት የግብር ደረሰኞች፣ የጡረታ መታወቂያዎንና የፋይዳ መታወቂያዎን በአንድ አቃፊ ያኑሩ። በካርታው ላይ ያለው ስም የእርስዎ መሆኑን ይመልከቱ፤ ቤቱ በሟች ባለቤትዎ ወይም በወላጅዎ ስም እንደ ተመዘገበ ከቀረ፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተው ስሙን ማዛወር ከሌላው ሁሉ ይቀድማል፣ ወደ ፊት የሚመጣ ማንኛውም ማቃለያ የሚሰጠው በመዝገብ ለተጻፈው ባለቤት ነውና። ቀጥሎም የቤቱ ስፋት፣ የተሠራበት ዓይነትና አገልግሎቱ በግምቱ ላይ በትክክል መስፈሩን ይመርምሩ፤ የጭቃ ቤት እንደ ብሎኬት፣ መኖሪያውም እንደ ንግድ ቤት ተቈጥሮ ከተገኘ በክፍለ ከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ቅሬታ በጽሑፍ ያስገቡ። ለጡረተኛና ገቢ ለሌለው ሰው የሚደረግ ማናቸውም እፎይታ መኖሩንም በዚያው ይጠይቁ። ከግቢዎ ክፍል የሚያከራዩ ከሆነ የኪራይ ገቢ ግብር ከቤት ግብሩ የተለየ ስለሆነ ሁለቱን አያደባልቁ፤ ይህ መመሪያ የሚመለከተው የቤቱን ግብር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር በእጅዎ ያለውን ጸጋ መመዘን ነው። ዛሬ በላፍቶ ሰፈሮች በጡረታ ከሚኖሩት መካከል ስንቶቹ የእድገት በኅብረት ዘማች እንደ ነበሩ እናስታውስ። በ1967 ወደ ገጠር ከተላኩት ወደ 60,000 ከሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን መካከል ያን ጊዜ 18 ዓመት የሆነው ወጣት በ2017 የ68 ዓመት አረጋዊ ነበር። በሐምሌ 1971 በተጀመረው፣ በዓለም መድረክም የዩኔስኮን ሽልማት ባስገኘው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች የአባቶቻቸው እኩያ የሆኑትን ገበሬዎች ጥቁር ሰሌዳ ፊት አስቀምጠው ሀ ሁ አስቈጥረዋል። እንግዲህ ያ ወጣት ዛሬ አረጋዊ ሆኗል፤ ያን ጊዜ ለአረጋዊው ያስተማረውን ፊደል ዛሬ ለሕፃኑ ማስተማር ይችላል፣ ልምዱም ከእርሱ አልጠፋም። በዘመቻው ባልነበሩትም ዘንድ ሀብቱ ብዙ ነው፤ በየኔታ እግር ሥር ዳዊት የደገመ ሰው የንባብን ሥርዓት ያውቃል፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛ ክፍልፋይና መቶኛን በገበያ ዋጋ ማስረዳት ይችላል፣ ነርስ የነበረች እናት ስለ ንጽሕናና ስለ መጀመሪያ ርዳታ ታስተምራለች፣ አናጢው የተሰበረውን ዴስክ ከተማሪዎች ጋር ሆኖ ይጠግናል፣ ማንበብ የማይችል አዛውንት እንኳ ተረትና እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና የአካባቢውን የቀድሞ ታሪክ በማውራት የሕፃናቱን ልሳን ያበለጽጋል።

የትምህርት ቤቱ ችግርም የሚታወቅ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ለ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ ለ2015 3.2 በመቶ፣ ለ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል የሰፋ ውድቀት በ12ኛ ክፍል የሚጀመር አይደለም፤ በታችኛዎቹ ክፍሎች ንባብ ሳይጸናላቸው ወደ ላይ በሚዘዋወሩ ሕፃናት ዘንድ ይጀመራል። ስለዚህ እርስዎ ምርጫ ካለዎ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉትን ልጆች ይምረጡ ብዬ እመክራለሁ። መምህሩ ብዙ ልጆች በተጨናነቁበት ክፍል እያንዳንዱን ሕፃን አንድ ገጽ እስኪጨርስ ድረስ ሊያዳምጥ አይችልም፤ አረጋዊው ግን ይችላል። ልጁ ሲያነብ መስማት፣ ሲሳሳት ሳይቈጡ መመለስ፣ ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲናገር መጠየቅ፤ ይህ ሥራ ዲግሪ አይጠይቅም፣ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ሁለቱም በጡረታ ዘመን ይገኛሉ።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄዱ ብቻዎን አይሂዱ። በዕድርዎ ወይም በመንደርዎ ካሉ እኩዮችዎ ጋር ተመካክረው ሦስት ወይም አምስት ሆነው ቢነሡ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ይተካል፣ ርእሰ መምህሩም የአንድ ሰው የድንገት ስሜት አለመሆኑን ይረዳል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት በየትምህርት ቤቱ አለ፤ በተለመደው አጠራር ወተመህ የሚባለው ይህ ኅብረት ዋና በርዎ ይሁን፣ የልጅ ልጅዎ በዚያ የሚማር ከሆነ ደግሞ ስብሰባው ላይ ተገኝተው ሐሳቡን ራስዎ ሊያቀርቡ ይችላሉ። ጊዜው የነሐሴ መጨረሻ ወይም የመስከረም መባቻ ቢሆን ይመረጣል፣ የክፍል ድልድልና የመምህራን ፕሮግራም የሚወጣው ያን ጊዜ ነውና፤ ያ ካለፈዎ የሁለተኛውን መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ ይጠብቁ። በፈተና ሰሞን አይሂዱ።

ደብዳቤው አጭርና ግልጽ ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ለ………… አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፤ ጉዳዩ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለመስጠት ስለ መጠየቅ። እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው የወረዳው ነዋሪዎችና የቤት ባለቤቶች ጡረተኞች ስንሆን፣ በዚህ የትምህርት ዘመን በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ሰዓት በ1ኛ፣ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ንባብ በማስለመድና በቤተ መጻሕፍት ሥራ በመርዳት ለማገልገል ፈቃደኞች ነን። ትምህርት ቤቱ ኃላፊ መምህር እንዲመድብልን፣ የምንሠራበትን ቀንና ሰዓት እንዲወስንልን፣ የሰጠነውንም አገልግሎት በየወሩ አረጋግጦ በማኅተም እንዲመዘግብልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ለዚህ አገልግሎት ከትምህርት ቤቱ ምንም ክፍያ አንጠይቅም።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መጻፉ አይዘንጋ። ትምህርት ቤቱ የሚከፍለው ገንዘብ የለውም፤ ግብሩንም የሚቀንሰው እርሱ ስላልሆነ በደብዳቤው ላይ ስለ ግብር ማንሣት ርእሰ መምህሩን ከማስፈራት በቀር ጥቅም የለውም። የደብዳቤውን ግልባጭ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና በከተማው ለተቋቋመው የኅብረተሰብ ተሳትፎና በጎ ፈቃድ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የክፍለ ከተማ ቅርንጫፍ ያስገቡ፤ በራስዎ ቅጅ ላይም «ደርሶናል» አስብለው ቀንና ፊርማ ያስደርጉበት።

ሲፈቀድልዎ ስለ ሕፃናቱ ደኅንነት የሚከተለውን ሥርዓት እንደ ቃል ኪዳን ይያዙት። ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻዎን አይቀመጡ፤ በሩ የተከፈተ፣ ሌላ ትልቅ ሰው የሚያይዎ ቦታ ይሁን። ተማሪን ወደ ቤትዎ ለማስጠናት አይውሰዱ፣ ፎቶግራፍም አያንሡ። እኛ ባደግንበት ዘመን አለንጋ የትምህርት መሣሪያ ነበረ፤ ዛሬ አይፈቀድም፣ እኔም ባለመፈቀዱ ደስ ይለኛል፣ በፍርሃት የተማረ ልጅ መጽሐፍን ሲያይ የሚያስታውሰው ዱላውን ነውና። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ስለሚል፣ የእስላምም የክርስቲያንም ልጅ አንድ ወንበር ላይ በሚቀመጥበት በዚህ ቦታ የራስዎን እምነትና የራስዎን ወገን ከበር ውጭ ያኑሩት። በቤቱ አፋን ኦሮሞ ወይም ጉራግኛ የሚናገር ልጅ አማርኛው ቢሰባበር የችሎታ ማነስ አድርገው አይቍጠሩበት። ሳል ወይም ሌላ የሚተላለፍ ሕመም ካለብዎ ሐኪም ሳያማክሩ አይግቡ። አንድ ልጅ በቤቱ በደል እንደሚደርስበት ከነገረዎ ጉዳዩን ራስዎ ለመዳኘት አይሞክሩ፣ በዚያው ቀን ለርእሰ መምህሩ ያሳውቁ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ በተማሪዎች ምገባ የሚሠሩት መጋቢ እናቶች፣ ጥበቃዎችና ጽዳት ሠራተኞች በዚያ ሥራ እንጀራቸውን ያገኛሉ። የእርስዎ ነጻ አገልግሎት የእነርሱን ቦታ የሚተካ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ እንዲህ ያለ ሥራ ቢሰጥዎ በትሕትና አልቀበልም ይበሉ። ለራሱ እፎይታ ሲል ሌላውን ድኻ ከሥራ የሚያፈናቅል አሠራር በምክር ቤት ፊት የሚከላከልለት አያገኝም፣ ማግኘትም አይገባውም።

አሁን የነገሩ አስኳል ወደ ሆነው ወደ መዝገቡ ደርሰናል። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝተው ቀኑን፣ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ የሠሩበትን ክፍል፣ የሠሩትን ሥራ፣ የተረዱትን ልጆች ብዛትና የኃላፊውን መምህር ፊርማ የሚይዙ ዓምዶች ያስምሩበት። የልጆቹን ስም አይጻፉ፣ ቍጥራቸው ይበቃል። በየቀኑ ሳይውል ሳያድር ያስፈርሙ፤ በየወሩ መጨረሻም ሰዓቱን ደምረው ርእሰ መምህሩ በማኅተም እንዲያረጋግጥልዎ ያድርጉ። ሁለተኛ ቅጅ በትምህርት ቤቱ ይኑር። ያልሠሩበትን ሰዓት አንድ እንኳ አይጨምሩ፤ የአንዱ አረጋዊ ሐሰት የሁሉንም መዝገብ ያረክሳል። ከንባብ ረዳትነት ጋር የልጆቹ ለውጥ ቢመዘገብ ደግሞ እጅግ መልካም ነው፤ በጥቅምት አንድ አንቀጽ ማንበብ ያልቻሉት ስንት እንደ ነበሩና በሰኔ ስንቱ እንደ ቻሉ መምህሩ በጽሑፍ ቢያረጋግጥልዎ፣ ይህ ወረቀት ከሰዓቱ ድምር የበለጠ ይናገራል።

ሰዓቱን ወደ ገንዘብ መለወጥ እንዴት ይቻላል ለሚለው፣ መንግሥት ራሱ መንገዱን አሳይቶናል። በየክረምቱ የበጎ ፈቃድ ሥራ ሲጠናቀቅ፣ የተሠራው ሥራ ይህን ያህል ሚሊዮን ብር እንደሚገመት በይፋ ሪፖርት ይደረጋል፤ የወጣቱ ጉልበት በብር ከተተመነ የአረጋዊው ሰዓት የማይተመንበት ምክንያት የለም። በአገራችን ለሁሉም ሥራ የተደነገገ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ፣ የመንግሥት ሠራተኛውን ዝቅተኛ ደመወዝ መለኪያ ማድረግ ርቱዕ ይመስለኛል። በ2017 በተደረገው ማሻሻያ ይህ ደመወዝ 4,760 ብር ነበር፤ የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት 39 ሰዓት፣ በወርም በአማካይ 169 ሰዓት ይሠራል ብንል የአንዱ ሰዓት ዋጋ 28 ብር ያህል ይሆናል። ለምሳሌ የአንድ ቤት ዓመታዊ ግብር 2,800 ብር ቢሆን 100 ሰዓት ያካክሰዋል፤ በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚያገለግል አረጋዊም ከመስከረም እስከ ሰኔ ባለው የትምህርት ዘመን ውስጥ በ34 ሳምንት ይፈጽመዋል። ደመወዙ በተሻሻለ ቍጥር ስሌቱም አብሮ ይሻሻላል።

አንዳንድ ሰው የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሰዓት ከአናጢው ሰዓት እኩል መተመኑን ላይወድ ይችላል። እኔ ግን እኩልነቱን እደግፋለሁ። የሚከፈለው ደመወዝ ቢሆን ማዕርግ ይታይ ነበር፤ ይህ ግን ስጦታ ነው፣ ከተማውም ለስጦታው የሚመልሰው ምስጋና ነው፤ ምስጋናን በዲግሪ መከፋፈል ደግሞ ገና ሳይጸና ሥርዓቱን በክርክር ያፈርሰዋል።

የመጨረሻው ሥራ አቤቱታው ነው። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምርና የከተማው ምክር ቤት በዚያው ሰሞን በጀት ስለሚያጸድቅ፣ ጽሑፍዎ ቢዘገይ በሚያዝያ መድረስ አለበት፤ በአንድ የትምህርት ዘመን ቢያንስ እስከ መጋቢት ያለውን መዝገብ ይዘው ይቅረቡ። በመጀመሪያ ለወረዳው ምክር ቤት፣ ቀጥሎ ለክፍለ ከተማው አስተዳደር፣ ከዚያም በላፍቶ ለተመረጡ የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት አባላት ያቅርቡ፤ ግልባጩ ለገቢዎች ቢሮ፣ ለፋይናንስ ቢሮና ለትምህርት ቢሮ ይድረስ። የከተማው ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ከተማዋ በምክር ቤቷ አማካይነት የራሷን ጉዳይ እንድታስተዳድር ሥልጣን ስለ ሰጣት፣ ጥያቄውን የሚወስነው አካል በቅርብ ይገኛል።

በአቤቱታው ውስጥ የሚጠየቀው ነገር ሰፊ ምሕረት እንዳይሆን ይጠንቀቁ። «ግብሩ ይቅርልን» የሚል ጥያቄ ለገንዘብ ኃላፊው የገቢ ጕድለት ብቻ ሆኖ ይታየዋል። ይልቁንም ማቃለያው የሚሰጠው ዕድሜያቸው 60 ዓመት ለሞላና በሚኖሩበት አንድ ቤት ብቻ ለሚጠቀሙ ባለቤቶች እንዲሆን፣ በዓመት ለአንድ ቤት የሚቀነሰው ገንዘብ ጣሪያ እንዲኖረው፣ በአንድ ትምህርት ቤት የሚያገለግሉት አረጋውያን ቍጥር እንዲወሰን፣ አቅም ላነሰው እንደራሴ እንዲፈቀድለት፣ አልጋ ላይ ለዋለውና እንደራሴም ለሌለው ደግሞ ከአገልግሎት ነጻ የሆነ የተለየ እፎይታ እንዲታሰብ ይጻፍ። አሠራሩ መጀመሪያ በላፍቶ ባሉ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ለአንድ ዓመት እንዲሞከር ቢጠየቅ፣ ከተማው የሚያጣው ገንዘብ ትንሽ ስለሚሆን ለመፍቀድ ይቀለዋል። በቀበሌ ቤት የሚኖሩና ቤት የሌላቸው አረጋውያን የዚህ ማቃለያ ተካፋይ አይሆኑም፤ ለእነርሱ የሚገባው ድጋፍ ሌላ ነው፣ በአቤቱታው መጨረሻም ይህንኑ በአንድ አንቀጽ ማሳሰብ ባለቤቶች የራሳቸውን ጥቅም ብቻ አስበው እንዳልተነሡ ያስረዳል።

አቤቱታውን የሚያቀርቡት ሰዎች ከሦስት አይብለጡ፤ አንዱ መዝገቡን ያስረዳ፣ አንዱ ስሌቱን ያቅርብ፣ ከትምህርት ቤቱ የመጣ መምህር ወይም የወተመህ ተወካይ ደግሞ ልጆቹ ያገኙትን ጥቅም ይመስክር። መዝገብ ቤት ሲያስገቡ የገቢ ደብዳቤ ቍጥሩን በራስዎ ቅጅ ላይ ያስጽፉ፤ መልሱ በቃል ከተነገረዎ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፣ የተከለከለ እንደ ሆነም ምክንያቱ ይገለጽ ይበሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት አቤቱታ የሚጀምረው ለዚያ ምክንያት መልስ በመስጠት ነውና። የግብር ደረሰኝዎን ከአገልግሎት መዝገቡ ጋር በአንድ አቃፊ አያይዘው ያስቀምጡ፤ የትምህርት ዘመኑ እንደገና ሲከፈት በመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ለርእሰ መምህሩ አዲሱን የአገልግሎት ደብዳቤ ያስገቡ።